ሰርገኛ በዘፈን ያስተካከለው ሞተር

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ገደማ ነው። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ደግሞ የገዛ ሰርጌ ቀን። ሌላው ሰው ስለ ሰርጉ ሲያወራ ድግሱን ያነሳል፣ ጠጁን ያነሳል። እኔ ሰርጌን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የናፍጣ ሽታ ነው። ዛሬ ጉልበቴ ደክሞ፣ ዓይኔ ፈዞ እንኳ ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። የልጅ ልጆቼ «አባባ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። ይበሉ!

ያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። እነዳ ነበር ስል እጠግናትም ነበር ማለቴ ነው፤ በዚያ ዘመን በእኛ አገር ሾፌርና መካኒክ አንድ ሰው ነበር። መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ ናፍጣ ነበረች። ባትሪዋ ከሞተ ሰንብቷል። የምትነሳው ወይ ማኖቬላ በሚባለው ማዞሪያ ብረት ከፊቷ ስትዞር፣ ወይ ቁልቁለት ላይ ስትለቀቅ ነው። አመሏ ክፉ ነበር፤ ግን እንዋደድ ነበር።

ከባለቤቴ ከአንጓች ጋር ያገናኘችኝም እሷው ናት። አንጓች የዘንገና ልጅ ናት። አባቷ አቶ ቢተው ከሐይቁ በላይ ባለው መሬት ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ በፈረሰኛነታቸው አገር ያወቃቸው አገው ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን ኮሶበር ላይ፣ እንጅባራን ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የምንላት፣ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቼ ስሠራ አንዲት ድንች ሻጭ ልጅ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ ታዞርና ዝም ትላለህ። ደግሞ ትንሽ ታዞርና ዝም ትላለህ። ጸሎት ነው?» አለችኝ።

እኔም ኩራት ኩራት እያለኝ አስረዳኋት። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ጫፍ ሊደርስ ሲል ፖምፓው ናፍጣውን ይረጫል፤ እሳቱ ያኔ ይነሳል። ናፍጣው ትንሽ ከቀደመ ሞተሩ እንደ መዶሻ ያንኳኳል። ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ነጭ ጭስ እያጨሰ ጉልበት ያጣል። ያንን ጊዜ ማስተካከል በእኛ በመካኒኮች ቋንቋ ፋዜ ማስያዝ ይባላል። «ምልክቱ ካመለጠኝ እንደገና ልጀምር ነው፤ ለዚህ ነው አዙሬ የምቆም» አልኳት። ሳቀችብኝና ወደ ድንቿ ሄደች። ብዙም አልቆየችም፣ ተመልሳ መጣች።

ከዚያ ወዲያ ያች መኪና ኮሶበር በደረሰች ቁጥር አንድ ነገር ይበላሽባት ጀመር። ምን ላድርግ! ወጣትነት ነው።

ሽማግሌ ብልክባቸው አቶ ቢተው ልጃቸውን አልከለከሉኝም። ግን አንድ ነገር አስቸገረ። የጎረቤታቸው ልጅ በመኪና ተድራ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሙሽሪት ሜዳ ላይ ስታለቅስ አድራ ነበርና እሳቸው ይህን አልረሱትም። በእሳቸው አገር ሙሽራ በፈረስ ነው የሚመጣ። እኔ ደግሞ ፈረስ አልችልም፤ አንድ ጊዜ ሞክሬ አጥር ላይ ጥሎኛል። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ የሚከተለውን ቃል ይዘው ተመለሱ።

«ይሁን፣ በመኪናው ይምጣ። ፀሐይ ከአናት ሳትወርድ ደጄ ከደረሰ ልጄን በመኪናው ይወስዳታል። ያች ብረት መንገድ ላይ ካቆመችው ግን ልጄን አልሰጥም። ወደ መጣበት ይመለስ!»

አቶ ቢተው ያሉትን የማያጥፉ ሰው መሆናቸውን አገር ያውቃል። እኔ ግን በመኪናዬ ተማምኜ «እሺ» አልኩ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ዳንግላ ላይ መኪናዋ አጊጣ ቆመች። ሚዜዬ ዘለቀ ልብስ ሰፊ ነው፤ ንጽሕና የሚወድ፣ ሱሪው ላይ አቧራ ካየ ቀኑ የሚበላሽበት ሰው። እሱ ነው ያስጌጣት። ከፊቷ ነጭ ጨርቅ አሰረ፣ ከኋላ ጭነት የምናደርግበት ላይ ቄጠማ ጎዘጎዘ፣ የሴቶቹን ቀሚስ እንዳያቆሽሽ ብሎ ዘይት የነካውን ብረት ሁሉ እያወጣ ቤት አስገባ። እኔ ነጭ ለብሼ ከአሁን አሁን ላብ አሰመጠኝ እያልኩ ስለተቀመጥኩ ምን እንዳወጣ አላየሁም። መኪናዋን ሰርገኛው ቁልቁል ገፍቶ አስነሳት። በራሱ ሰርግ ሾፌር የሆነ ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ የሚነዳ ሰው ስላልነበረ መሪውን የያዝኩት እኔው ነኝ።

ከኋላ ከበሮው ይመታል። ዘፈኑን የምታወጣው ያሳደገችኝ አክስቴ ስንዱ ናት። አክስቴ ድምፅዋ ሲያስተጋባ ሌላ ነው፤ ዳንግላ ውስጥ ያለ እሷ ሰርግም፣ ደቦም አይደምቅም። እንዲህ እየጨፈርን ኮሶበርን አለፍን። ፀሐይዋ ገና ነበረች። ዘለቀ «እንዲያውም ቀድመን ልንደርስ ነው» አለ። ምነው አፉን በያዝኩት!

ከኮሶበር ወጥተን ወደ ዘንገና የሚወስደውን አቀበት ስንጀምር መኪናዋ አንድ ጊዜ አስነጠሳት። ከኋላዬ ነጭ ጭስ ወጣ። ማርሽ ቀነስኩ፣ አልረዳኝም። ጉልበቷ አልቆ ቀጥ አለች። ከበሮውም ቀጥ አለ።

ፍሬኑን እያላላሁ ወደ ኋላ ለቅቄ ከአቀበቱ ግርጌ ሜዳው ላይ አሳረፍኳት። ኮፈኑን ስከፍት ወዲያው ገባኝ። ፖምፓውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በኮረኮንቹ ላልተው ፖምፓው ከቦታው ተንሸራቷል። ፋዜው ሄዷል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ሞተሩን በማኖቬላ ቀስ እያደረግሁ አዙሬ ምልክቱ ላይ አቁሜ ፖምፓውን መልሼ ማሰር ብቻ ነው።

«ዘለቀ፣ ማኖቬላውን አቀብለኝ» አልኩ።

 ፊቱን ሳየው እንደ ኑግ ጠቁሯል።

«ያ... ያ ጠማማ ብረት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጠማማው!»

«እሱማ ዘይት ነበረው። ቤት ነው ያለ።»

ወይ አምላኬ! ልመታው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሚዜ ነው፣ ደግሞም ሊያለቅስ ደርሷል። ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየኋት። አናቴ ላይ ደርሳለች። ከዚያ አቀበት ወዲያ ማዶ አንጓች ተሸፋፍና ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። አባቷም ደጅ ቆመው ፀሐይን እያዩ ነው። 

አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ። መኪናዋን ትልቁ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ ሰው ከፊት በገመድ ቢጎትታት፣ ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራል። ከወንበሬ ሥር የደበቅሁትን ቱታ አወጣሁና በነጩ ልብሴ ላይ ደረብኩት። አክስቴ «ኧረ ልጄን፣ በሰርጉ ቀን!» ብላ ደረቷን መታች።

መጎተቱ እንዲቀልላቸው ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ሁሉ ፈታሁ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ያስፈልገኝ ነበር፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ አየሩ ጨርቁን ያስፈነጥረዋል፣ ምልክቱም መቃረቡን የማውቀው በዚያ ነው። ከዘለቀ ደረት ላይ ያቺን አዲስ ነጭ መሐረብ መዝዤ ወተፍኩበት። ዘለቀ ዓይኑን ጨፈነ። የት አባቱ እምቢ ይላል!

ከዚያ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገብቼ ተንጋለልኩ። ቮላኖ የሚባለው የሞተሩ ትልቅ መንኰራኩር ላይ የተቀረጸች ምልክት አለች፤ ከሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ትታያለች። ያች ምልክት መስመሯ ላይ ስትደርስ ማቆም ነው። ጣት የምታህል እንኳ ካለፈች ሌላ ዙር መጀመር ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም፣ የማርሾቹ ጥርሶች ላላ ስለሚሉ ያሳስታል።

«ጎትቱ!» አልኩ።

ሰርገኛው ገመዱን ይዞ «ሆ!» ሲል መኪናዋ ተስፈንጥራ ሄደች። መሐረቡ ፑፍ ብሎ አየር ላይ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ «ቁሙ! ቁሙ!» እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ! ምልክቷ አለፈች። እንደገና «ቀስ በሉ» ብዬ ለመንኩ። እንደገና ሆ! እንደገና እልልታ፣ እንደገና አለፈች። ሰርገኛ እኮ ቀስ ማለት አያውቅም። የጠገበና የጨፈረ ሰው ገመድ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ።

እንዲህ ስንንገላታ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ብዙ እግር በአጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከዚያም አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ሙሽራው የት አለ?»

አቶ ቢተው ናቸው። መዘግየታችን ቢያሳስባቸው ጎረምሶቻቸውን አስከትለው በፈረስ ወጥተዋል።  ዘለቀ በጣቱ ወደ እግሮቼ አመለከተ።

ከሥር ወጥቼ ቆምኩ። ፊቴ ዘይት፣ እጄ ዘይት፣ በቱታዬ ኮሌታ የሙሽራ ነጭ ብቅ ብሏል። አንገቴን ደፍቼ እጅ ነሣሁ። እጄን ለመዘርጋት እንኳ አፈርኩ።

«መኪናዋ አቆመችህ» አሉ።

«አቆመችኝ፣ አባቴ።»

«ምን አልኩ እኔ?»

«ብለዋል። ቃልዎ ቃል ነው። ግን ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ አስነሳታለሁ። እርስዎን ለማታለል አይደለም፤ ሕመሟን አውቄዋለሁ።»

እሳቸው መኪናዋን አዩ። የተፈታውን ሞተር አዩ። መሬት ላይ የተኛሁበትን ቦታ አዩ፣ ቄጠማ እንኳ አላነጠፍኩበትም። እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ያን ያህል የፈራሁበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። አንጓችን አጣኋት ብዬ ነበር፣ በእውነት ነው የምላችሁ።

ከዚያ ቀስ ብለው ከፈረሳቸው ወረዱ።

«ፈረሴ ሲያነክስ እኔም እንዲህ እግሩ ሥር ነው የምገኝ» አሉ። «ለልብሱ የሚሳሳ ሰው ፈረስ አይዝም። በል፣ ምን ጎደለህ?»

«ቀስ ብሎ የሚጎትት ሰው» አልኩ።

ወደ ጎረምሶቹ ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ሁሉም ዱብ ዱብ እያሉ ወርደው ገመዱን ያዙ። እሳቸውም ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ተሰለፉ። ጉዴን ግን ተመልከቱ፤ እነዚያ ጎረምሶች ሲጨመሩ ይባስ አለ! መኪናዋ ልትበር ምንም አልቀራት። ምልክቷን በዓይኔ አላየኋትም፣ ሽው ብላ አለፈች። ግማሹ በአማርኛ «ቁም!» ይላል፣ ግማሹ በአገውኛ ይጮኻል፣ ማንም አይቆምም።

ያኔ ነው አክስቴ ስንዱ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ እኔ የመጣችው።

«አንተ ልጅ፣ በደቦ ስናጭድ አላየህም? ዘፋኙ ሲያወጣ ማጭድ ሁሉ ይሄዳል። ዘፋኙ ዝም ሲል ማጭድ ሁሉ ዝም ይላል። በጩኸት የቆመ ሰው መች አለ! እኔ ልዝፈንልህ። ስዘፍን ይጎትቱ፣ ዝም ስል ይቁሙ።»

«እኔ ከሥር ሆኜ መቼ ዝም እንደምትይ በምን ታውቂያለሽ?»

«ከአጠገብህ እቆማለሁ። ቁርጭምጭሚቴን ቆንጥጠኝ።»

አቶ ቢተው ሰምተው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው የመጀመሪያ። «እውነቷን ነው፤ በእኛም ደቦ እንዲሁ ነው» አሉና ለጎረምሶቻቸው አስረዷቸው።

ተመልሼ ገባሁ። የአክስቴ እግር ከእጄ አጠገብ ቆመ። መሐረቡ ተወተፈ። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ እዚያው የፈጠረችውን ረጋ አድርጋ አወጣችው፦

«ቀስ በይ መኪና፣ ቀስ በይ በእግርሽ፣
ሙሽራው ከታች ነው፣ ተይ ማሪው እባክሽ።»

ሰርገኛው እየተቀበላት፣ ከበሮው ዱም ዱም እያለ፣ መኪናዋ እንደ እርጉዝ ላም ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። እኔ በጀርባዬ እየተንፏቀቅሁ፣ አክስቴም ከአጠገቤ እየተራመደች አብረናት ስንሄድ ቮላኖው ጥርስ በጥርስ ሲዞር ይታየኛል። ቆነጠጥኳት፤ ዘፈኑ ተቆረጠ፤ ሁሉም ቀጥ! ትንሽ ለቀቅኳት፤ ዘፈነች፤ ትንሽ ሄዱ። መሐረቡ ፑፍ አለ። ማንም እልል አላለም፣ አክስቴ በዓይኗ ይዛቸዋለች። ከዚያ ምልክቷ ብቅ አለች። መጣች፣ መጣች፣ ቀረበች። ቆነጠጥኩ። ቀጥ!

ምልክቷ መስመሯ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ደጋግሜ አየኋት። ከሥር ስወጣ አቶ ቢተው ገመዱን እንደያዙ አንድ እግራቸውን አንስተው እንደቆሙ ናቸው። «ላውርደው?» አሉ በሹክሹክታ፣ እግራቸውን ማለታቸው ነው። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። በፖምፓው የመጀመሪያ አፍ ላይ ናፍጣው ብቅ ብሎ እስኪንቀጠቀጥ ፖምፓውን በእጄ እያንቀሳቀስኩ አገኘሁትና ብሎኖቹን አጥብቄ አሰርኩ። ኢንጀክተሮቹን መለስኩ። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ሲገፋት መኪናዋ አንድ ጊዜ አጉረመረመች፣ አንድ ጊዜ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ተነሳች! ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆና አታውቅም። እልልታው ከሞተሩ በለጠ። ፈረሶቹ ደንግጠው ተበታተኑ፣ ዘለቀ ያንን ዘይት የጠጣ መሐረብ እያውለበለበ ዘለለ። ሱሪው ጭቃ ነበር፣ ትዝም አላለው።

አቶ ቢተው ፈረሳቸውን ለአንዱ ሰጥተው አጠገቤ ጋቢና ውስጥ ገቡ። መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። አቀበቱን ስንወጣ በሁለት እጃቸው በሩን ጨምድደው ይዘው ነበር፤ እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ደጃቸው ስንደርስ ፀሐይዋ ከአናት ወርዳ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን አንስቶ «እንግዲህ በቃሉ መሠረት...» ብሎ ሊጀምር አለ። አቶ ቢተው ከመኪናው ወርደው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ጥላቸው ከጎናቸው ረዝሞ ተጋድሟል።

«አልወረደችም» አሉ።

«ኧረ አቶ ቢተው፣ ይኸው...»

«አልወረደችም አልኩ! የእኔ ልጅ፣ የእኔ ደጅ፣ የእኔ ፀሐይ። ግቡ!»

የመሸኛው ሰዓት ሲደርስ አንጓችን ራሳቸው ይዘው መጥተው ጋቢና ውስጥ አስቀመጧት። ከዚያ ወደ መኪናዋ ፊት ሄደው ሞቃቱን ኮፈን በመዳፋቸው እየዳበሱ መረቁ። እኔንና አንጓችን ነው የመረቁት፣ ግን እጃቸው ከመኪናዋ ላይ አልተነሳም። ከዚያ ወዲያ እስኪያርፉ ድረስ ኮሶበር ገበያ ውስጥ መኪና ቆሞ ካዩ «ዘፋኝ አምጡ!» ይሉ ነበር አሉ።

የአንጓችን ነገር ግን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። እሷ ቤት ውስጥ ተሸፋፍና ስትጠብቅ ነፋሱ ዘፈናችንን ከአቀበቱ ወዲህ ያመጣው ነበር ለካ። ትንሽ ይዘፈናል፣ ጭጭ ይላል። ደግሞ ትንሽ ይዘፈናል፣ ጭጭ ይላል። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ደነገጡ። «ሰርገኛ ዘፈን የሚያቋርጥ መርዶ ቢሰማ ነው» ብለው እናቷ ማልቀስ ጀመሩ። አንጓች ግን ሻሿን ገለጥ አድርጋ አዳመጠች።

«እማዬ፣ አታልቅሺ» አለቻቸው። «ፋዜውን እያስያዘ ነው። እየመጣልኝ ነው።»

ይህን ስትነግረኝ ምን እንደተሰማኝ በምን ቃል ልበል? ያን ቀን አፈር ላይ ተንጋልዬ አጣኋት ብዬ ስንቀጠቀጥ፣ እሷ ከማዶ ሆና እያንዳንዷን ዝምታ እየሰማች አብራኝ ነበረች።

አክስቴም አቶ ቢተውም ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔና አንጓች ግን እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሰርግ ስንጠራ ዳር ይዘን እንቀመጣለን። አንዳንዴ መብራት ጠፍቶ ይሁን ማይኩ ተበላሽቶ ዘፈኑ ድንገት ይቋረጣል። ሰው ሁሉ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» እያለ ይንጫጫል። አንጓች በዚያን ጊዜ በነጠላዋ ሥር እጄን ፈልጋ ታገኝና ቆንጠጥ ታደርገኛለች።